ልዩ ምልክት የሚለው መስመር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከባምባሲ ወዲያ ካለ የሰፈራ መንደር ግማሽ ማዳበሪያ በቆሎ ተሸክማ ወፍጮ ቤት ሄደች። ተራ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ አልነበረችም። ባለ ወፍጮው እህሉን ፈጭቶ ዱቄቱን በሩ አጠገብ አስቀመጠላት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አባቷ መጥቶ ዱቄቱን ወሰደ።

ይህን የነገረኝ ባለ ወፍጮው ነው፣ ያውም በኋላ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት አባትየውን ነው።

ያኔ አሶሳ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ እሠራ ነበር። ትንሽ ጣቢያ ውስጥ ጋዜጠኛ ማለት ዜናውንም፣ የገበያ ዋጋውንም፣ ማስታወቂያውንም የሚያነብ ሰው ነው። የጠፋ ማስታወቂያ የሚነበበው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ዜና በኋላ ነበር፤ ገበሬውም ነጋዴውም ለምሳ የሚቀመጥበት ሰዓት ስለሆነ ሰሚው ብዙ ነው። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የቀዳሁት ከጠፋ ከብት ቅጽ ነው፤ ጣቢያው ሲከፈት መጀመሪያ የመጣልን የበሬ ማስታወቂያ ነበርና። ዕድሜ፣ ቁመት፣ መልክ፣ ልዩ ምልክት፣ ባለቤት። ለሰው ሳደርገው “ባለቤት” የሚለውን “ወላጅ ወይም አሳዳጊ” አልኩት፤ “የለበሰው ልብስ” የሚል መስመር ጨመርኩ። “ልዩ ምልክት” እንዳለ ቀረ። ለበሬ ሲሆን ልዩ ምልክት ማለት በጋለ ብረት የተተኮሰ ቦታ ወይም የተበጣ ጆሮ ነው።

ደንቡንም የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። የቀበሌ ደብዳቤ ከነማኅተሙ ሳይኖር ማስታወቂያ አይነበብም። ማስታወቂያው ሦስት ቀን ይነበባል። ያየ ሰው የሚደውለው ወደ ጣቢያው ነው፣ ምክንያቱም በብዙ መንደሮች ኔትወርክ የለም። ጣቢያው የደዋዩን ስልክ ቁጥርና ቦታ በዕለቱ ለቤተሰብ ያስተላልፋል።

አባትየው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መጣ። አርባ ዓመት አለፍ ያለው ቀጭን ሰው ነው፤ ሸሚዙ ታጥቦ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ወላጆቹ በሰፈራው ዘመን ከወሎ ይዘውት ሲመጡ ገና ሕፃን ነበር፤ አነጋገሩ ግን ትናንት ከደሴ የወረደ ሰው አነጋገር ነው።

“እንደምን አደርሽ እታለም። የጠፋ የሚያስነግሩት እዚህ ነው አሉኝ።”

“እዚህ ነው፣ ይቀመጡ። የጠፋው ምንድን ነው?”

“ልጄ” አለ። ደብዳቤውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በሁለት እጁ አስቀመጠው።

የቀበሌ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መስመር ነው። ይሄኛው አምስት ነበር። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ሌላ ሳያገባ ልጁን ብቻውን ያሳደገ፣ በመንደሩ ምስጉን አባት መሆኑን ይመሰክራል። ማኅተሙን አየሁ፤ ትክክል ነው። ቅጹን አወጣሁና መጠየቅ ጀመርኩ። የለበሰችው አረንጓዴ ቀሚስ፣ ከላይ የትምህርት ቤት ሹራብ፣ ራሷ ላይ ሻሽ፣ ነጠላ ጫማ። ስምንተኛ ክፍል ናት።

“ልዩ ምልክት?”

ወላጆች እዚህ ጥያቄ ላይ ይቆማሉ። ያስባሉ፤ አንዳንዶቹ ሚስታቸውን ለመጠየቅ ስልክ ያወጣሉ። እሱ አልቆመም።

“የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር፤ ሲጠገን ተጣሟል፣ አጥንቱ ወጣ ይላል። ግራ ጆሮዋ ጫፉ ላይ ጎደሎ ነው፣ ትንሽ። ከጉልበቷ በታች ከኋላ በኩል የቃጠሎ ጠባሳ አለ፣ መዳፍ ያክላል።”

“የየትኛው እግር?”

“የግራ።”

“የግራ እግር” ብዬ ደገምኩለት። ራሱን ነቀነቀ። ጻፍኩ። ማረጋገጥ ያልኩት ይህንን ነበር።

ሊሄድ ሲነሳ ዓይኑ እንባ አቀረረ። “ዱቄቱን እንኳ ትታው ነው የሄደች” አለኝ። “እንዲያ ያለች ልጅ አይደለችም እኮ። ሥራ ጀምራ አትተውም።”

እውነቱን ነበር። ሰው ሲያስመስል ብዙ አይቻለሁ፤ ይህ ሰው አላስመሰለም።

እሱ ከወጣ በኋላ የድምፅ ቴክኒሺያናችን ቅጹን አንስቶ አነበበ። በቀልዱ የሚታወቅ ወጣት ነው። “እትዬ፣ ምልክቱን እንዲህ ለቅሞ የሚያውቅ ባለቤት በሬም አይጠፋበትም” አለኝ። ሳቅሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ዜናውን አነበብኩ፤ ቀጥሎ ልጅቷን አነበብኩ፤ ቀጥሎ ከመንጌ አቅጣጫ የጠፋ አንድ ቀይ ወይፈን አነበብኩ።

ረቡዕ ሁለት ስልክ ተደወለ። አንዱ ባምባሲ ላይ አየኋት ያላት ልጅ ሃያ ዓመት ያለፋት የልጆች እናት ሆና ተገኘች። ሌላው ሰውዬ ስለ ጠፋችው ምንም አያውቅም፤ ለእጮኛው ዘፈን እንድናስተላልፍለት ነበር የደወለው።

ሐሙስ፣ ሦስተኛው ንባብ ካለቀ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ስልኩ ጠራ። ቴክኒሺያኑ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገው። ሴት ናት።

“አሰላሙ አለይኩም። ሬዲዮ ነው?”

“ወአለይኩም አሰላም። አዎ፣ ሬዲዮ ነው።”

“ልጁ እኔ ጋ ነው።”

“የትኛው ልጅ?”

“አሁን ያልከው። እጁ የተጣመመ።”

“ወንድ ነው ሴት?”

“ያ ኡኽቲ፣ የኔ እህት፣ ሴት ነው እንጂ! አንተ አይደለህ ያነበብከው? አሁን ረሳህ?”

ቴክኒሺያኑ አፉን በእጁ ያዘ። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናት፤ አማርኛ ለእሷ የገበያ ቋንቋ ነው፤ ሁሉንም ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ወንድ አድርጋ ነው የምታወራው። ከየት እንደምትደውል ጠየቅኋት። ከቶንጎ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ፉል ትሸጣለች።

“ቅዳሜ ከመኪና ወረደ፣ ሰሃን ልጠብ አለኝ። ጠረጴዛ ሲወለውል አየሁ፣ ጨርቅ መጭመቅ አይችልም። በአንድ እጅ፣ እንዲህ፣ ከጉልበቱ ጋር ይጨምቃል። አሁን ሬዲዮ ሲናገር ሰሃን ጣለ። ከጠረጴዛ ሥር ገባ። ወላሂ፣ እኔን የሚያህል ልጅ፣ ከጠረጴዛ ሥር! ሰው ፉል እየበላ ነው፣ እግሩ ሥር ልጅ አለ።”

ቴክኒሺያኑ እጁን ከአፉ አወረደ።

“አመሰግናለሁ” አልኩ። ከዚያ በደንቡ መሠረት የሚባለውን አልኩ። “ቁጥርዎን ለአባቷ እንሰጣለን፣ እሱ…”

“ቆይ። እጁን ማን ሰበረ?”

“አላውቅም።”

“አልጠየቅህም?”

“አልጠየቅሁም።”

“ሬዲዮ ሁሉ ነገር ይጠይቃል” አለች። “የስኳር ዋጋ ትጠይቃለህ። ሹም ትጠይቃለህ፣ ውሃ ለምን ጠፋ ትላለህ። እጁን አልጠየቅህም።” ከጀርባዋ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። “ቁጥሬን ለአባት እንዳትሰጥ” አለችና ዘጋች።

በዚህ ሥራ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፤ ስልክ ሲዘጋብኝ አልደነግጥም። ያን ቀን ግን ማስታወቂያዎቹ የሚቀመጡበትን መሳቢያ ከፈትኩ።

የሰውንና የከብትን ቅጽ ለያየሁ። ቀጥሎ የሰዎቹን በዕድሜ ከፈልኩ። ትንንሾቹ፣ ከገበያ ወይም ከመናኸሪያ የጠፉት፣ ልዩ ምልክታቸው እናት የምታውቀው ዓይነት ነው፦ አንገቱ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ እንብርቷ ወጣ ያለ፣ ሲስቅ ጉንጩ የሚሰረጉድ። ከአሥራ ሁለት፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት ወዲያ ያሉት ሌላ ናቸው። የላይኛው ፊት ጥርሷ የወለቀ። ጀርባው ላይ የገመድ ምልክት ያለበት። ራሱ ላይ ፀጉር የማያበቅል ቦታ ያለው። ቅንድቧ የተሰነጠቀ። የሁሉም ጽሑፍ የእኔ እጅ ነው። ሰረዙን፣ ነጥቡን ሳይቀር አስተካክያለሁ።

ቁጥር አልሰጥም፤ ለቁጥር የሚሆን አቆጣጠር አልነበረም። ጠባሳ ሁሉ የሰው እጅ ሥራ አይደለም፤ ገበሬ ቤት ያደገ ልጅ ይወድቃል፣ እሳት ይነካዋል። ከቤት የወጣ ሁሉም ተመትቶ አይደለም፤ ወርቅ ቁፋሮ የሄዱ አሉ፣ ከጓደኛ ጋር የኮበለሉ አሉ። ይህን ሁሉ ለራሴ ነገርኩት። አንዲት ልጅ ግን በዓመት ከምናምን ሁለት ጊዜ ተመዝግባ አገኘኋት። በመጀመሪያው ቅጽ ላይ ልዩ ምልክቷ አንድ ነው። በሁለተኛው ሁለት ነው። በሁለቱ መካከል እኛ አስገኝተን ወደ ቤቷ መልሰናታል፤ ቤተሰቡም መጥቶ አመስግኖናል፤ ምስጋናውንም አንብቤያለሁ።

ከሁለተኛው በኋላ የት እንደደረሰች አላውቅም።

አለቃዬ ጋ ገባሁና ለአባትየው ቁጥሩን እንደማልሰጥ ነገርኩት።

“አባት ነው እኮ” አለ።

“አውቃለሁ።”

“ደንብ አለን።”

“ደንቡን ማን ጻፈው?”

“አንቺ።”

“እንግዲያው አሁን ስህተት አገኘሁበት።”

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ክስ ይፈራል። “እስከ ሰኞ” አለኝ። “ሰኞ ወይ ለአባቷ ወይ ለመንግሥት። እኛ ጋ አይቀመጥም።”

ዓርብ አባትየው ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደርሷል። ግቢያችን ውስጥ ከማንጎው ዛፍ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማስታወሻ ደብተሬን ከፈትኩ፤ እንዲያየው ብዬ ነው የከፈትኩት።

“ማክሰኞ ያልጠየቅሁዎት ነገር አለ። እጇ እንዴት ተሰበረ?”

“ወደቀች።”

“ከምን?”

“ከማንጎ ዛፍ። ልትለቅም ወጥታ።”

“መቼ ነው?”

“ካቻምና ነው። ማሽላ ስንወቃ ነበር፤ ሥራው መሀል ላይ ትቼ ነው ጤና ጣቢያ የወሰድኳት።”

ጻፍኩ። ከዚያ ቀና አልኩ። በእኛ አገር ማሽላ የሚወቃው በጥር ነው። ማንጎ በጥር ገና አበባ ነው፤ የሚለቀም ነገር የለውም። ይህን ለማወቅ ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም፤ አሶሳ ሁለት ዓመት የኖረ መምህርም ያውቀዋል። እሱ አርባ ዓመት ኖሯል። ከራሳችን በላይ ያለውን ዛፍ አየሁ። እሱም ቀና ብሎ አየ።

“እጄ ከባድ ነው” አለ በመጨረሻ፣ በዝግታ። “ሌላ ነገር የለኝም። አልጠጣም። ሴት አላመጣሁባት። እጄ ግን ከባድ ነው።”

ደብተሬን ዘጋሁ። በዚህ ሥራ ከጥያቄ ይልቅ ዝምታ ብዙ ያስወጣል።

“እኔንም አባቴ በጅራፍ ነው ያሳደገኝ። ይኸው ሰው ሆኛለሁ።”

“እርስዎስ ከቤት ወጥተው ያውቃሉ?”

“ሁለቴ” አለ።

“ማን መለሰዎት?”

“ሽማግሌ።” ጣቱን አግዳሚው ላይ አንሸራተተ። “በሦስተኛው ተውኩት። ለመድኩት።” ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። “እታለም፣ በሕይወት አለች?”

ልጅቷን በዓይኔ አላየሁም፤ ያልተረጋገጠ ነገር መናገር ልማዴ አይደለም። “እንዳለች ነግረውኛል” አልኩት። “እኔ አላየኋትም።”

“የት?”

“አልነግርዎትም።”

ይጮሃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸም። ሸሚዙ ደረት ላይ እንባው ሲያርፍ አየሁ። ቴክኒሺያኑ ውሃ አመጣለት፤ ጠጣና ብርጭቆውን አመስግኖ መለሰ። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንለት አይደለም። ስለሆነ ነው።

ሰኞ ጠዋት የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዋ ዘንድ ሄድኩ። ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ቁጥብ፣ ፋይል ሳትይዝ የማትናገር ሴት ናት። ቅጹን አሳየኋት። ልዩ ምልክት የሚለውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው።

“ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ የክስ ማመልከቻ?” አለችኝ።

በዚያው ቀን በእነሱ መኪና ቶንጎ ወረድን።

ሴትየዋን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለገንም፤ ድምፅዋ ከመናኸሪያው መግቢያ ይሰማል፤ አንዱን ሾፌር ለሦስተኛ ሳህን ፉል እንዲከፍል እያግባባችው ነበር። ሲያዩዋት ግዙፍ ናት፣ ሰውነቷ ላይ የተጠቀለለው ቶቧ ብርቱካናማ። ባለሙያዋን ከእግር እስከ ራስ ገረመመቻት፤ መታወቂያዋን ተቀብላ አገላበጠች፤ ማንበብ እንደማትችል በኋላ ነው ያወቅሁት። ከዚያ ወደ ጓዳ ጮኸች። “ና! አባት አይደለም! ና!”

ልጅቷ ከጓዳ ወጣች። ሻሽ አጥብቃ አስራለች። ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛለች። ገና አፌን ከፍቼ ሰላም እንዳልኳት ቆመች።

“እርስዎ ነዎት” አለች። “ድምፅዎን አውቀዋለሁ።”

“እኔ ነኝ።”

“ቤት ሁልጊዜ እንሰማዎት ነበር። ዜና ሲያነቡ አባዬ ዝም በሉ ይላል።” ወለሉን አየች። “ጆሮዬን ባያነቡት ጥሩ ነበር። እጄንማ ሰው ሁሉ ያየዋል። ጆሮዬን ግን እዚህ ማንም አያውቅም ነበር፣ በሻሽ እሸፍነዋለሁ። አሁን ወያሎቹ ‘እስቲ ሻሽሽን ፍቺው፣ የሬዲዮዋ ልጅ’ ይሉኛል።”

ይቅርታ ጠየቅኋት። “እሺ” አለች፤ ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቃት ምን እንደሚባል የማታውቅ ልጅ “እሺ” እንደምትለው።

ባለሙያዋ ጥያቄዋን ጀመረች፤ እኔ በልጅቷ ፈቃድ ጎን ተቀመጥኩ። የእጇን ተናገረች። ካቻምና በጥር፣ አውድማው ላይ፣ ውሃ ይዛ ስትመጣ ዘግይታ ነበር፤ የመታት በመውቂያው ዱላ ነው። ጤና ጣቢያ ከማንጎ ዛፍ ወደቅሁ ብላ እንድትናገር ያስጠናት መንገድ ላይ ነው፣ ተሸክሟት እየሮጠ። የጆሮዋንና የእግሯን ባለሙያዋ ጠየቀቻት። “እሱን አልናገርም” አለች። ባለሙያዋ አልገፋችም። እኔም ስለ እሱ የጻፍኩት ነገር የለም።

“ለምን ያን ቀን?” አልኳት እኔ።

“ተራዬ ሩቅ ነበር። ወፍጮው ቀበቶው ተበጥሶ ቆመ፤ አሁን ይሠራል አሁን ይሠራል ሲሉ ረፈደ። ከዘገየሁ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።” ትከሻዋን ነቀነቀች። “አይሱዙ ጨው ጭኖ ቆሟል። ሾፌሩ ‘ቶንጎ ነው፣ ቶንጎ ነው’ ይላል። ቶንጎ የት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ወጣሁ።” ከዚያ ጠየቀች። “ዱቄቱን ወሰዱት?”

“ማን?”

“እንጃ። አባዬ ምን በላ ብዬ ነው።”

“ስማ፣ ስማ!” አለች ሴትየዋ ከምድጃው አጠገብ። “እጁን ሰበረ፣ እሱ ምን በላ ይላል! ያ ረብ!” ይህን ብላ ፊቷን አዞረች፤ ድስቱን ከሚያስፈልገው በላይ ስታማስለው ቆየች።

በማግስቱ፣ ከሰባት ሰዓት ዜና በኋላ፣ ስሟንም ምልክቷንም ሳልጠራ፣ ባለፈው ሳምንት የተነገረው ፍለጋ መቆሙን አነበብኩ። ደንቡ በዚያው ሳምንት ተለወጠ። ቅጹም።

ማክሰኞ ኅዳር ስድስት ቀን አባትየው ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ቶንጎ ድረስ መጣ። ቦታውን የነገረችው ባለሙያዋ ናት፤ የወረዳው ፖሊስ የልጅቷን ቃል ከተቀበለ በኋላ፣ ስብሰባውም እሷና ፖሊስ ባሉበት እንዲሆን አድርጋ። ልጅቷ እመለሳለሁ ካለች በዚያው ቀን ትሄዳለች፤ አልመለስም ካለች ሴትየዋ ዘንድ በጊዜያዊ አደራ ትቆያለች። የሚወሰነው ይህ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው። አንደኛው የአባትየውን አባትም ያውቅ ነበር። “ልጄ” አሏት፣ “አባት ይቆጣል፣ አባት ይመልሳል። እሱ ከእንግዲህ እጁን ላያነሳብሽ በእኛ ፊት ይምላል። አንቺም ተነሺና ጉልበቱን ሳሚ። ቤት ያለ ሴት ልጅ ምን ቤት ነው?”

“እኔ ጋም ቤት ነው” አለች ሴትየዋ።

“እሱስ ነው እመቤቴ፣ ማን አይደለም አለ።”

ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “እሷን እንጠይቃት” አለች። “ትመለሻለሽ?”

ልጅቷ አባቷን አላየችም። የምታየው ሽማግሌዎቹን ነው። “በመንደሩ ሁሉ ከማንጎ ዛፍ ወደቀች ነው የሚባለው” አለች። “እናንተም እንደዚያ ነው የምታውቁት። ልጆቹ ዝንጀሮ እያሉ ሰድበውኛል። መሐላ አልፈልግም። ከምን እንደወደቅሁ እሱ ይንገራችሁ።”

ውጭ ወያላው ባምባሲ፣ ባምባሲ፣ ይላል። አንደኛው ሽማግሌ “እንግዲህ ያለፈ ነገር…” ብሎ ጀመረና ሁለተኛው ጉልበቱን ነካው።

አባትየው ተነሳ። ለምን እንደቆመ አላውቅም፤ ሰው ሲመሰክር እንደሚቆመው ነው የቆመው።

“አልወደቀችም” አለ።

መልሶ ተቀመጠ። “ያለፈ ነገር” ያለው ሽማግሌ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበና ወለሉን አየ፤ ከዚያ በኋላ ስለ መመለስ አንድም ቃል አልተናገረም።

“አመሰግናለሁ አባዬ” አለች ልጅቷ። ያኔ ነው ያየችው። “አልመለስም።”

ባለሙያዋ ቃለ ጉባኤውን ጻፈች። ሴትየዋ በአውራ ጣቷ ፈረመች፤ ቀለሙን በቶቧ ጫፍ ልትጠርግ ስትል ልጅቷ ጨርቅ አቀበለቻት። ለማጠቃለል ባለሙያዋ አንድ ነገር ተናገረች፦ ልጅቷ ቶንጎ ስምንተኛ ክፍል እንድትቀጥል ከድሮው ትምህርት ቤቷ መሸኛ ያስፈልጋል፤ መሸኛው ደግሞ ያለ ወላጅ ፊርማ አይወጣም፤ ፊርማው ካልመጣ በፍርድ ቤት በኩል ይጠየቃል፣ ያ ግን ወራት ይፈጃል፤ ዓመቱ ያልፋታል። አባትየው መስማቱን ለማሳየት ራሱን ነቀነቀ። እሺም እንቢም አላለም። ከሽማግሌዎቹ ጋር በስምንት ሰዓቱ መኪና ተሳፈረ። በመስኮቱ በኩል ወደ ፉል ቤቱ ሲያይ ነበር፤ ልጅቷ ጓዳ ናት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በስልክ ነው የተከታተልኩት። የፖሊሱ መዝገብ ዐቃቤ ሕግ ጋ ደርሷል። በኅዳር አጋማሽ መሸኛው አልመጣም ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ክፍል እንድትቀመጥ ቢፈቅድላትም ያለ እሱ አይመዘግባትም። ሴትየዋ ሁለት ጊዜ ደውላ “ሬዲዮ፣ ወረቀቱ የታለ?” ብላኛለች።

ሰኞ፣ ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አባትየው ቶንጎ ትምህርት ቤት በር ላይ ደርሶ የተፈረመበትን መሸኛ በፖስታ ለዘበኛው ሰጠ። ዘበኛው ልጅቷን ልጥራት ወይ ብሎ ጠየቀው። አይ፣ ክፍል ውስጥ ትሆናለች አለ። ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ እስከ ደወል ድረስ ተቀመጠ። ደወሉ ሲደወል ተነስቶ ሄደ። ዘበኛውን ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ።